ክላሲክ ሮክ በሸክላ፦ የትኞቹን አልበሞች ትመክሩኛላችሁ?

አዲስ መርፌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እባካችሁ «ምርጫ እንደ ሰዉ ነው» ብላችሁ አትሸኙኝ።

ሸክላ ማጫወቻ እጄ ገብቷል። ያገለገለ ነው፤ ግን ሞተሩ ደህና ነው። ቤልቱንና መርፌውን አስቀይሬያለሁ። አምፕሊፋየርም ስፒከርም አለኝ። የጎደለኝ ሸክላው ነው። እስካሁን ያለኝ የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» ብቻ ነው።

እሱኑ ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር ገረመኝ። ይህን አልበም በስልኬ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። «ሶንግበርድ» የሚባለው ለስለስ ያለ የፒያኖ ዘፈን አልቆ «ዘ ቼይን» ሲገባ ምንም አይመስለኝም ነበር። ስድስተኛው አለቀ፣ ሰባተኛው ጀመረ፣ በቃ። በሸክላ ግን «ሶንግበርድ» የሳይድ ኤ መዝጊያ ነው። ክሪስቲን ማክቪ ትጨርሳለች፣ መርፌውን የያዘው ክንድ ወደ መሀል ይሄዳል፣ ዝም። ተነስቼ ገልብጬ መርፌውን ሳስቀምጥ ያ የ«ዘ ቼይን» ድራም ዱም፣ ዱም እያለ ይነሳል። ዘፈኑ ያው ነው፤ እኔ ግን አዲስ ሆነብኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። በስልክ ሲሰሙ የሆነ ነገር የሚጎድላቸው፣ በሸክላ ሲሰሙ ግን «ለካ እንዲህ ነው!» የሚያሰኙ የክላሲክ ሮክ አልበሞች የትኞቹ ናቸው? «የሸክላ ድምፅ ሞቅ ይላል» የሚለውን ሰምቼ ጠግቤያለሁ፤ እሱን ተዉልኝ። ሰብሳቢም አይደለሁም። የመጀመሪያ ኅትመት፣ ብርቅዬ ሽፋን ምናምን አያሳስበኝም። ቁጭ ብሎ መስማት ነው የምፈልገው።

ሳይድ ቢ፦

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ነክተኸዋል።

እነዚህ ሰዎች አልበም ሲሠሩ በሁለት ግማሽ ነበር የሚያስቡት። ሳይድ ኤ አለ፣ ሳይድ ቢ አለ፤ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ አካባቢ። መሀል ላይ ሰሚው ተነስቶ እንደሚገለብጥ ያውቃሉ። ስለዚህ አንዱ በምን ይዘጋ፣ ሌላው በምን ይከፈት የሚለው ተራ ነገር አልነበረም። እኔም አልበም የምመርጠው በዚህ ነው፦ መገልበጫዋ ላይ ምን ሠሩባት? ምንም ካልሠሩባት በስልክህ ስማው፤ የሚያመልጥህ ነገር የለም።

በዚህ መለኪያ አንደኛው የቢትልስ «አቢ ሮድ» ነው፣ የ1969ኙ። እዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ሳይድ ኤን የሚዘጋው «አይ ዎንት ዩ» ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ቃል የላቸውም። አንድ ከበድ ያለ የጊታር ዜማ ብቻ እየዞረ ይመጣል፣ ደግሞ ይመጣል። ከሥሩ ነፋስ የሚመስል ድምፅ ይነሳል፤ ሙግ ሲንተሳይዘር ከሚባል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የወጣ ነው። ነፋሱ እየበረታ፣ እየበረታ ሄዶ ጊታሩን ሊውጠው ሲል ቁርጥ! ቀስ እያለ መጥፋት የለ፣ ማሳረጊያ የለ። ሌነን ቴፑ እዚያው ላይ እንዲቆረጥ አዝዞ ነው። በስልክ ስትሰማው ገና ሳትደነግጥ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» ይገባና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። በሸክላ ግን ከቁርጡ በኋላ የሚተርፍህ ሸክላው መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ መስመር የሚዞረው የመርፌ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ነገር የተሰበረ መስሎህ ትነሳለህ። ገልብጠህ ስታስቀምጥ የጆርጅ ሃሪሰን አኩስቲክ ጊታር ይጀምራል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆይተህ መስኮት የተከፈተልህ ያህል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳይድ ቢም ቢሆን ለብቻው ዓለም ነው። ከ«ዩ ኔቨር ጊቭ ሚ ዩር መኒ» እስከ «ዘ ኤንድ» ድረስ ወደ 16 ደቂቃ የሚሆኑ አጫጭር ዘፈኖች እርስ በርስ ተሰፍተዋል። ሲያልቅ ወዲያው አትነሳ። 14 ሰከንድ ያህል ዝምታ አለ። ከዚያ «ኸር ማጄስቲ» የምትባል የ23 ሰከንድ ዘፈን ዱብ ትላለች። ማካርትኒ ከስፌቱ መሀል አውጥታችሁ ጣሏት ብሎ ነበር። ጆን ከርላንደር የሚባለው የስቱዲዮው ቴክኒሻን ግን ምንም እንዳይጣል ታዝዞ ስለነበር ከቴፑ መጨረሻ ላይ ቀጠላት። እዚያው ቀረች። መጀመሪያ የወጣው ሽፋን ላይ ስሟ እንኳ የለም።

ሁለተኛ የፒንክ ፍሎይድ «ዊሽ ዩ ወር ሂር»፣ 1975። አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ይልሃል። እሱም መገልበጫው ግሩም ነው። ሳይድ ኤ በዘፋኟ ክሌር ቶሪ ቃል አልባ ጩኸት ያልቃል፣ ሳይድ ቢ በ«መኒ» የሳንቲም ኳኳታ ይከፈታል። ሳይሰለችህ አይቀርም ብዬ ነው እንጂ ግዛው። ለእኔ ግን «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ይበልጣል። «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ»ን ለሁለት ከፍለው በግማሹ አልበሙን ከፈቱበት፣ በግማሹ ዘጉበት።

ሳይድ ቢ ላይ ደግሞ አንዲት ቦታ አለች። «ሃቭ ኤ ሲጋር» በሙሉ ጉልበቱ እየሄደ ሳለ ድምፁ በድንገት ይኮማተርና ከትንሽ ሬዲዮ የሚወጣ ይሆናል። አንድ ሰው ጣቢያ ሲቀያይር ትሰማለህ። ከዚያ እዚያው ሬዲዮ ላይ ቀጭን ጊታር ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጊታር፣ ወፍራም፣ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚጫወተው ዓይነት፣ ከሬዲዮው ጋር አብሮ መጫወት ይጀምራል። መሀል ላይ ሳል ሁሉ አለች። በስልክ ስፒከር ሁለቱም ጊታሮች አንድ ዓይነት ቀጭን ናቸው፤ ቀልዱ ጠፋ ማለት ነው። ደህና ስፒከር ካለህ ግን ርቀቱ ክፍልህ ውስጥ ይታወቅሃል።

ሁለት ግራም፦

ሳይድ ቢ ያለው ደስ ይላል። ግን ልጁን ሸክላ ግዛ ከማለት በፊት መርፌው ምን ላይ እንደሚሄድ ንገሩት እንጂ።

ስማኝ ወዳጄ። ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው። ዳር ላይ ያለው ዙር ረጅም፣ መሀል ላይ ያለው አጭር ነው፤ ጊዜው ግን እኩል። ስለዚህ መርፌህ ዳር ላይ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ይጓዛል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 20 አካባቢ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቆ ተቀመጠ ማለት ነው። ሲምባልና «ስ» የሚል ድምፅ እዚያ ላይ ነው የሚሻክረው። ለዚህ ነው ብዙ አልበሞች የየሳይዱን መጨረሻ ለለስላሳ ዘፈን የሚተዉት። ያንተ «ሶንግበርድ» የተቀመጠችበት ቦታ ለመርፌም ደግ ነው።

አሁን የሌድ ዘፕሊንን አራተኛ አልበም አስብ፣ የ1971ዱን፣ ስም የሌለውን። ሳይድ ኤ የሚያልቀው በ«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ነው። ስምንት ደቂቃ። በለስላሳ ጊታርና በሪኮርደር ዋሽንት ይጀምርና እያደገ፣ እያደገ ሄዶ ከሁሉም የሚጮኸው ክፍል የሚመጣው መስመሩ ከሁሉም በጠበበበት ቦታ ላይ ነው። መርፌህ ካረጀ ወይም ካርትሪጁ፣ ማለትም መርፌውን የያዘው ትንሹ ዕቃ፣ ጠምዘዝ ብሎ ከተገጠመ የሮበርት ፕላንት ድምፅ እዚያ ላይ ይንጫጫል። ብዙ ሰው ሸክላውን ይሰድባል። ሸክላው ምን አደረገ?

እኔ ይህን አልበም የምመክርህ ለዚሁ ነው። መሣሪያህን ይፈትንልሃል። ሳይድ ኤ መጨረሻው ድረስ ጥርት ብሎ ከመጣ አገጣጠምህ ልክ ነው። ሳይድ ቢም በ«ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ነው የሚያልቀው። የድራመሩን የቦንሃምን ድራም ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል ቤት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ማይኮቹን ከላይ ከደረጃው አንጠልጥለው ነው የቀዱት። ቤቱ ራሱ ሲያስተጋባ ይሰማል።

ሌላው የርዝመት ጉዳይ ነው። አንድ ሳይድ በረዘመ ቁጥር መስመሮቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቤዙ ይሳሳል። ቶድ ራንድግረን በ1975 «ኢኒሺየሽን» በሚለው አልበሙ አንድ ሸክላ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሙዚቃ ጠቀጠቀ። ሽፋኑ ላይም መርፌህ ያረጀ ከሆነ ሸክላውን ያበላሸዋል፣ ድምፁ ካነሰህ ደግሞ ወደ ቴፕ ቅዳው የሚል ማሳሰቢያ አስጻፈ። ሰውየው ቢያንስ ሐቀኛ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ «ሌድ ዘፕሊን 2» አለ። ቦብ ሉድዊግ የሚባል ባለሙያ በ1969 የቆረጠው፣ ማለትም ሙዚቃውን መስመር አድርጎ የቀረጸው፣ የመጀመሪያው ኅትመት ጉልበቱ ለጉድ ነበር። በርካሽ ማጫወቻዎች ላይ መርፌው እየዘለለ አስቸገረና ለዘብ አድርገው እንደገና ቆረጡት። የዚያ የመጀመሪያው ምልክት ባዶው መስመር ላይ የተጫረው «አር ኤል» የሚል ፊደል ነው። ሰብሳቢ አይደለሁም ብለሃልና አትፈልገው። ለማወቅ ያህል ነው።

መርፌህ ላይ የሚያርፈውን ክብደት አምራቹ ባለው ልክ አድርገው። አብዛኛው ካርትሪጅ ሁለት ግራም አካባቢ ነው። ክብደት የቀነስክ ሰዓት ሸክላውን የጠበቅከው ይመስልሃል፤ እንዲያውም መርፌው መስመሩ ውስጥ እየዘለለ የሚያርሰው ያኔ ነው።

አራት ገጽ፦

ወንዶቹ ሒሳብ ውስጥ ገቡ። እኔ አንድ አልበም ብቻ ልበል፦ የሮሊንግ ስቶንስ «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት»፣ 1972።

ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ 18 ዘፈን። በስልክ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ሲፈስ እውነቱን ለመናገር ይደክማል። አሥረኛው ላይ ስትደርስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይምታታብሃል። በሸክላ ግን እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ጠባይ አለው። አንደኛው ገጽ ሩጫ ነው። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ አራት ዘፈን ብቻ፦ «ስዊት ቨርጂኒያ»፣ «ቶርን ኤንድ ፍሬይድ»፣ «ስዊት ብላክ ኤንጅል»፣ «ላቪንግ ካፕ»። አኩስቲክ ጊታር፣ ሃርሞኒካ፣ ፒያኖ። ምሽት ላይ ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱ ሰዎች ነው የሚመስሉት። እኔ ብዙ ጊዜ ይህችን ገጽ ብቻ ሰምቼ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ እመልሰዋለሁ። ሙሉ አልበም የመጨረስ ግዴታ የለብህም። ይህን ማንም አይነግርህም።

ድምፁ ጥርት ያለ እንዳይመስልህ። ብዙው የተቀዳው ደቡብ ፈረንሳይ ኪት ሪቻርድስ የተከራየው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሙቀት፣ ወበቅ፣ ጊታሩ ከቅኝት እየወጣ። ጭቃ የመሰለ ድምፅ አለው። ያማረበትም እሱ ነው።

ሽፋን አያሳስበኝም ስላልክ የእነሱኑ የ«ስቲኪ ፊንገርስ»ን እተወዋለሁ። ግን ያገለገለ ሸክላ የምትገዛ ከሆነ ይህን እወቅ። የ1971ዱ ሽፋን ላይ እውነተኛ ዚፕ ነበረው። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጓጓዙ ዚፑ ከላይ ያለውን ሸክላ ይጎዳ ነበር። መፍትሔ ብለው ያመጡት ዚፑን እስከ መሀል ከፍቶ ማሸግ ነው፤ ቢጫን እንኳ ሙዚቃው ላይ ሳይሆን መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት ላይ እንዲያርፍ። ስለዚህ ባለ ዚፑን ስታገኝ ሸክላውን አውጥተህ ብርሃን ላይ ያዝ አድርገህ እየው።

ፋይል ይበቃል፦

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ ነው። ሁለት ግራም ራሱ ነገረን እኮ። መሀል ላይ ይሻክራል፣ ሲረዝም ይሳሳል፣ መርፌ ያረጃል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የዳየር ስትሬትስን «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ውሰዱ፣ 1985። ከመነሻው በዲጂታል ነው የተቀዳው። ሸክላው ላይ አልበቃ ስላለ ዘፈኖቹን አሳጥረው ነው ያወጡት፤ ሙሉው ያለው ሲዲው ላይ ነው። መገልበጫዋ ላይ ዝምታ ከሆነ የምትፈልጉት በስልክም ፖዝ ማድረግ ይቻላል።

ሳይድ ቢ፦

ስለ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ልክ ነህ። እኔም በሸክላ ግዛ አልለውም። የሚገዛ ካለ በኋላ የወጣውን፣ በሁለት ሸክላ ሙሉውን የያዘውን ይፈልግ።

ፖዝ ማድረግ ይቻላል። አድርገኸው ታውቃለህ?

ፋይሉ ከሸክላ ጣጣ ንጹሕ ነው የሚለው ክርክርህ ግን ለ«ሩመርስ» አይሠራም፤ ጣጣው ከቴፑ ነው የጀመረው። ያን አልበም ሲሠሩ ቴፑን ደጋግመው ከማጫወታቸው ብዛት የተቀባው ማግኔት ተፍቆ ከፍተኛው ድምፅ እየጠፋ ሄደ። ድራሙ ደበዘዘባቸው። ኬን ካየት የሚባለው ፕሮዲዩሰር መጀመሪያ ሲቀዱ በትይዩ የተቀዳ ሌላ ቴፕ ስለነበረ የኋላውን ቅጂ ከዚያ ጋር በእጅ እያስማሙ አዳኑት። ሁለት ማሽን፣ እኩል እንዲሄዱ በጆሮ እየተቆጣጠሩ። ይህን ከሰማሁ በኋላ «ዘ ቼይን»ን ስሰማ ለድራሙ አዘንኩለት።

ሁለት ግራም፦

ፋይል ይበቃልን አትጣሉት፤ ግማሽ እውነት አለው። እኔ በሸክላ የምሰማው ፋይል ስለሚያንስ አይደለም። መነካካት ስለምወድ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

አንድ የረሳሁት፦ የስቲሊ ዳን «አጃ»፣ 1977። ሳይድ ኤ ሦስት ዘፈን ብቻ። በመሣሪያህ ላይ ምን ያህል እንደሚሰማ ማወቅ ከፈለግህ ሁለተኛውን፣ አልበሙ በስሙ የተጠራበትን ዘፈን ክፈት። ዌይን ሾርተር ሳክስፎኑን ሲነፋ ስቲቭ ጋድ ከሥሩ ድራሙን እንዴት እንደሚያደርገው ስማ። ሮክ ነው ወይስ ጃዝ ለሚለው ጭቅጭቅ ጊዜ የለኝም።

ሳይድ ቢ፦

ጥሩ አልበም ነው። መገልበጫው ላይ ግን ምንም የለም።

ሁለት ግራም፦

አንተ ደግሞ መገልበጫ፣ መገልበጫ! ሰውየው ሙዚቃም ይስማ እንጂ።

አዲስ መርፌ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «አቢ ሮድ»ና «ኤግዛይል» ተወስነዋል። ሁለት ግራም፣ ጋሼ ልበልዎት መሰለኝ፣ ዘፕሊንን ደግሞ ለፈተናው ስል እገዛዋለሁ። ካርትሪጁን የገጠመልኝ ሰው በዓይን ግምት ነው የገጠመው፤ ከእርስዎ መልስ በኋላ ልቤ አልረጋም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ። ማጫወቻዬ ሲያልቅ በራሱ አይቆምም። መርፌው መሀል ላይ ሲዞር ቢያድር ጉዳት አለው? አንዳንዴ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሁለት ግራም፦

ጋሼ ይሁን፣ ግድ የለም። ሸክላውን ያን ያህል አይጎዳውም፤ የሚያልቀው መርፌህ ነው። የሚያድርበትን ሰዓት ከዕድሜው ቀንስ። ሲያልቅ ክንዱን የሚያነሳ፣ ለብቻው የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እሱን ፈልግ።

አራት ገጽ፦

እንቅልፋም ከሆንክ የፒንክ ፍሎይድን «አቶም ሃርት ማዘር» አትግዛ። መጨረሻው የሚንጠባጠብ ቧንቧ ድምፅ ነው። የእንግሊዙ ኅትመት ላይ ጠብታው እስከ መጨረሻው ባዶ መስመር ድረስ ተቀርጿል። ክንዱን ካላነሳህ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያድራል። ቧንቧ ለመዝጋት ተነስቼ ወጥ ቤት ሄጃለሁ።

ሳይድ ቢ፦

የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር»ም እንደዚያው ነው፣ የ1967ቱ የእንግሊዝ ኅትመት። የመጨረሻው የፒያኖ ድምፅ ሞቶ ካበቃ በኋላ መጀመሪያ ውሻ እንጂ ሰው በቅጡ የማይሰማው ቀጭን ፉጨት አለ። ቀጥሎ መጨረሻው መስመር ላይ ትርጉም የሌለው ጫጫታ እየዞረ ይደጋገማል፤ ክንዱን እስክታነሳ ድረስ አይለቅህም። ለአንተ እንደ ደወል ያገለግልሃል። ግዛው።